የምንጩ ሐሪም
(የመስጂዳችን 40ኛ ዓመት በተከበረበት ዕለት ከቀረበ ንግግር የተወሰደ)

ቢስሚላሂ አር-ረሕማኒ አር-ረሒም። ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ.) ይሁን። ሰላትና ሰላም በነቢያችን በሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በሶሐቦቻቸው ላይ ይውረድ።



የመስጂዳችን ኮሚቴ በዚህ በዓል ላይ እንድናገር ሲጋብዘኝ ስለ መስጂዱ ታሪክ እንድናገር አስቦ እንደነበር አውቃለሁ። የመስጂዱን ታሪክ ግን ሽማግሌዎቻችን በዚሁ መጽሔት ውስጥ ከእኔ በተሻለ ጽፈውታል። እኔ የምናገረው ከመስጂዱ በፊት እዚህ ስለነበረው ነገር ነው፤ ይኸውም ምንጩ ነው። አባቶቻችን ይህን ቦታ የመረጡት ለውዱእ የሚሆን ውሃ ዓመቱን ሙሉ የሚወርድበት ስለሆነ ነበር። ምንጩ ባይኖር ኖሮ መስጂዱ ዛሬ ባለበት ቦታ አይኖርም ነበር።

ባለፈው ዓመት በግንቦት ወር፣ ከዙሁር ሰላት በኋላ፣ አንዲት እናት ጀሪካናቸውን ከምንጩ ሥር አስቀምጠው ወረፋ ሲጠብቁ አገኘኋቸው። ሰላምታ ካቀረብኩላቸው በኋላ፣ «ሼኽዬ፣ ይህን ውሃ ማን ጠጣው?» ብለው ጠየቁኝ። እኔም እንደ ልማዴ፣ «ዝናቡ አንሶ ነው፤ ዱዓ እናድርግ» ብዬ መለስኩ። እሳቸው ግን ዝም ብለው ከምንጩ በላይ ያለውን ባሕር ዛፍ በዓይናቸው አመለከቱኝ። ያን ባሕር ዛፍ ማን እንዳስተከለው ታውቃላችሁ። በ2000 ዓ.ም.፣ በኢትዮጵያ ሚሊኒየም ሰሞን፣ ደረሶችን አሰልፌ ያስተከልኩት እኔ ነኝ። ያኔ «ዛፍ ከተተከለ ውሃ ይበዛል» ብዬ ለሁላችሁም ተናግሬ ነበር። የዛሬው ንግግሬ ያንን አባባሌን ለማረም ነው።

በመጀመሪያ የለካሁትን ልንገራችሁ። 20 ሊትር በሚይዝ ጀሪካንና በእጅ ሰዓት ምንጩን በየሳምንቱ ሐሙስ ለካሁ። በመስከረም ጀሪካኑ በ45 ሴኮንድ ሞላ፤ ማለትም በሰዓት 80 ጀሪካን ነው። በግንቦት ግን ለመሙላት 3 ደቂቃ ከ20 ሴኮንድ ፈጀ፤ ይህም በሰዓት 18 ጀሪካን ብቻ ነው። ምንጭ በበጋ መቀነሱ ያለ ነገር ነው። ሆኖም በዕድሜ የገፉት አባቶች እንደሚሉት ዱሮ በግንቦትም ቢሆን ወረፋ አይታወቅም ነበር።

አሁን የእናታችንን ጥያቄ እንደገና እናንሣ። ውሃውን ማን ጠጣው? ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ የተማሩት ሰዎች ግን ለመልሱ ብዙ ዘመን ወስዶባቸዋል። ምክንያቱም የውሃው ባለሙያ ዝናቡንና ወንዙን ይለካል፤ የዕፅዋቱ ባለሙያ ደግሞ ዛፉንና ሣሩን ያጠናል። ሁለቱ በአንድ ተራራ ላይ ቢሠሩም እርስ በርሳቸው ብዙም አይነጋገሩም ነበር። የመጀመሪያው ትምህርት ሃይድሮሎጂ ወይም ሥነ ውሃ፣ የሁለተኛው ኢኮሎጂ ወይም ሥነ ምህዳር ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ዓመታት ሁለቱን ያገናኘ የጥናት ዘርፍ ስሙ ጎልቶ ወጣ፤ እሱም ኢኮሃይድሮሎጂ ይባላል። የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት (ዩኔስኮ) እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ በዓለም አቀፍ የውሃ ፕሮግራሙ ውስጥ አስገብቶታል። ሐሳቡን በማስፋፋት በኩል የፖላንዱ ሊቅ ማቼይ ዛሌቭስኪ በሰፊው ይታወቃሉ።

የእሳቸውን ሥራ በአንድ ምሳሌ ላስረዳ። በፖላንድ ሱሌዮቭ የሚባል ሰው ሠራሽ ሐይቅ አለ። በበጋ ወራት ውሃው በአልጌ ብዛት አረንጓዴ ይሆንና ይመረዝ ነበር። ዛሌቭስኪና ባልደረቦቻቸው ሲያጠኑት ነገሩ እንደ ሰንሰለት የተያያዘ ሆኖ ተገኘ። ዓሦች በሚራቡበት ወቅት ውሃው ከፍ ብሎ የዳርቻውን ሣር ከሸፈነ ጫጩት ዓሣ ይበዛል። ጫጩቶቹ በውሃው ውስጥ ያሉትን ደቃቅ እንስሳት ይጨርሷቸዋል። አልጌውን የሚበሉት እነዚያ ደቃቅ እንስሳት ስለሆኑ፣ እነሱ ሲያልቁ አልጌው ያለ ከልካይ ይስፋፋል። በመሆኑም የግድቡን በር የሚከፍትና የሚዘጋ ሠራተኛ ሳያውቀው የዓሣውን ብዛት፣ በዓሣው በኩል ደግሞ የውሃውን ንጽሕና ይወስን ነበር ማለት ነው። አላህ ፍጥረቱን ያስተሳሰረበት ገመድ ምን ያህል ረቂቅ እንደሆነ ከዚህ እንረዳለን።

ወደ ተራራችን እንመለስ። ዝናብ ሲዘንብ ውሃው ወዴት ይሄዳል? ከፊሉ በቅጠል ላይ ቀርቶ መሬት ሳይነካ ይተናል። ከፊሉ መሬት ላይ ይወርዳል፤ መሬቱ ደረቅና የተረገጠ ከሆነ ጎርፍ ሆኖ አፈሩን ይዞ ይሄዳል፤ መሬቱ የላላ ከሆነ ወደ ውስጥ ይሰርጋል። ከሰረገው ውስጥ ደግሞ ከፊሉን ሥር ይስበውና በቅጠል በኩል እንደ ላብ ወደ አየር ይመልሰዋል። ከዚህ ሁሉ ያመለጠው ወደ ታች ወርዶ ምንጭ ይሆናል። እንግዲህ ዛፍ በአንድ እጁ ይሰጣል፣ በሌላ እጁ ይወስዳል። በሥሩና በቅጠል ብስባሹ መሬቱን አላልቶ ውሃ ያስገባል፤ በቅጠሉ ደግሞ ውሃ ያወጣል። ምንጩ የሚያገኘው ከሁለቱ የተረፈውን ነው። እኔ በ2000 ዓ.ም. የሚሰጠውን እጅ ብቻ አይቼ የሚወስደውን ረሳሁ።

«ይህ ግምት ነው ወይስ የተፈተነ ነገር?» ትሉ ይሆናል። የተፈተነ ነው። በአሜሪካ አገር በኮሎራዶ ተራሮች፣ ዋገን ዊል ጋፕ በሚባል ቦታ፣ እ.ኤ.አ. በ1910 ሁለት ጎን ለጎን ያሉ ሸለቆዎች ተመረጡ። የሁለቱም ጅረት ለዓመታት ተለካ። ከዚያም እ.ኤ.አ. በ1919 የአንደኛው ሸለቆ ደን ተቆረጠ፣ የሁለተኛው ግን እንዳለ ተተወ። እስከ 1926 ድረስ ሲለካ ደኑ የተቆረጠበት ሸለቆ ጅረት ጨምሮ ተገኘ። ሁለተኛው ሸለቆ ባይኖር ኖሮ «ዝናቡ በዝቶ ነው» ይባል ነበር። የሁለቱ ጎን ለጎን መሆን ግን ያንን ክርክር ዘጋው።

ከዚያ በኋላ በብዙ አገሮች ተመሳሳይ ሙከራ ተደርጓል። ቦሽና ሂውለት የሚባሉ ሁለት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1982 የ94 ሸለቆዎችን ውጤት ሰብስበው አመዛዘኑ። በዚያም መሠረት በጥድ መሰል ዛፎችና በባሕር ዛፍ የተሸፈነው የመሬት ድርሻ በ10 በመቶ ሲለወጥ፣ የጅረቱ ዓመታዊ ውሃ በአማካይ በ40 ሚሊሜትር ይለወጣል። ቅጠላቸውን ለሚያረግፉ ዛፎች ለውጡ ወደ 25፣ ለቁጥቋጦ ደግሞ ወደ 10 ሚሊሜትር ብቻ ነው። ሚሊሜትር ሲባል ትንሽ እንዳይመስላችሁ። 40 ሚሊሜትር በአንድ ሄክታር ላይ ሲታሰብ 400,000 ሊትር ነው፤ በእኛ መለኪያ 20,000 ጀሪካን ማለት ነው። ይህ የብዙ አገሮች አማካይ እንጂ የእኛ ተራራ ልክ አይደለም። ሆኖም የነገሩን አቅጣጫ ያሳየናል።

ደቡብ አፍሪካውያን ይህን ዕውቀት ወደ ሥራ ለውጠውታል። እ.ኤ.አ. በ1995፣ ካደር አስማል የውሃና የደን ሚኒስትር በነበሩበት ጊዜ፣ ከሌላ አገር መጥተው የተስፋፉትን ጥድ መሰል ዛፎች፣ ግራርና ባሕር ዛፍ ከወንዝ መነሻዎችና ዳርቻዎች የማስወገድ ሥራ ተጀመረ። ሥራውም ለሥራ አጥ ድሆች እንጀራ እንዲሆን ተደርጎ ታቀደ። ዛፍ በመቁረጥ ውሃ የማዳን ዘመቻ መሆኑ ነው።

እዚህ ላይ አንባቢዬ ጥንቃቄ እንዲያደርግ እለምናለሁ። ከዚህ ንግግር በኋላ መጥረቢያውን ይዞ የሚነሣ ሰው ካለ ሐሳቤን አልተረዳልኝም። ዛፍ ሁሉ ይቆረጥ ማለት እንደ ትናንቱ ስሕተቴ ሌላ ስሕተት ነው። የተራቆተ ተራራ ለምንጭ የሚተርፈው ውሃ የለውም፤ ዝናቡ ሁሉ በአንድ ሰዓት ጎርፍ ሆኖ ያልፋልና። በቡርኪና ፋሶ የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት ለከርሰ ምድር ውሃ የሚበጀው የተራቆተ መሬትም ሆነ ጥቅጥቅ ያለ ደን ሳይሆን ፈርጠም ፈርጠም ብለው የቆሙ ዛፎች ያሉበት መሬት መሆኑን አሳይቷል። የዛፎቹ ሥርና ጥላ አፈሩን አላልቶ ውሃ ያስገባል፤ ቁጥራቸው መጠነኛ ስለሆነ ደግሞ የገባውን ሁሉ አይጨርሱትም። ነገሩ ሁሉ ሚዛን ነው። እኛ የመካከለኛው መንገድ ሕዝብ ነን እንላለን፤ በዛፍ ጉዳይም መካከለኛው መንገድ አለ።

ከአገራችንም ሁለት ምሳሌ ልጥቀስ። አንደኛው አስተማሪ፣ ሁለተኛው ደግሞ አስጠንቃቂ ነው።

በትግራይ፣ ከታሪካዊው የነጃሺ መስጂድ ብዙም ሳይርቅ፣ አብርሃ ወአጽብሃ የሚባል መንደር አለ። መሬቱ ተራቁቶ ሕዝቡ ሊሰፈር ታስቦ የነበረ ቦታ ነው። ነዋሪዎቹ ግን ተራራውን ከልቅ ግጦሽ ከለሉ፣ እርከን ሠሩ፣ ቦረቦሩን ገደቡ፣ አፈሩ እንዲያገግም ጊዜ ሰጡት። ከዓመታት በኋላ የጉድጓድ ውሃ ቀድሞ ከነበረው በጣም ቀርቦ ተገኘ፤ በዚህም ሥራቸው እ.ኤ.አ. በ2012 ኢኳተር የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝተዋል። ልብ በሉ፤ እዚያ ውሃውን የመለሰው ጥበቃው፣ ሣሩ፣ ቁጥቋጦውና እርከኑ በአንድነት ነው።

ሁለተኛው የሐሮማያ ሐይቅ ነው። ለሐረር ከተማ የመጠጥ ውሃ ይሰጥ የነበረው ይህ ሐይቅ በ1990ዎቹ ዓ.ም. ማብቂያ ግድም ደርቆ ከብት የሚሰማራበት ሜዳ ሆነ። ለከተማው ይሳባል፣ ለጫትና ለአትክልት መስኖ በፓምፕ ይሳባል፣ ከተራቆቱት ኮረብቶች ደግሞ አፈር ይገባበታል። አንዱ ብቻውን ያደረቀው አይመስለኝም። እያንዳንዱ ሰው «የእኔ ጥቂት ነው» እያለ በአንድነት ጨረሱት። በቅርብ ዓመታት ውሃው ተመልሶ ታይቷል፤ ምስጋና ለአላህ ይሁን። ይሁን እንጂ የደረቀ ሐይቅ ሁሉ ይመለሳል ብለን መተማመን የለብንም።

እንግዲህ ይህ ሁሉ የፈረንጅ ዕውቀት ነው የሚል ወንድም ካለ መልስ አለኝ። ሸሪዓችን ሐሪም የሚባል ሕግ አለው። ሐሪም ማለት በጉድጓድ ወይም በምንጭ ዙሪያ ያለ፣ ውሃውን የሚጎዳ ነገር እንዳይደረግበት የተከለከለ መሬት ነው። ዑለሞች እንደ መሬቱና እንደ ውሃው ዓይነት የተለያየ ርቀት አስቀምጠዋል፤ ለጉድጓድ 40 ክንድ የሚለው በሰፊው ይታወቃል። ከዚህም ሌላ ሒማ አለ፤ ለጋራ ጥቅም ሲባል ከልቅ ግጦሽ የሚከለል መሬት ነው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) በመዲና አጠገብ አን-ነቂዕ የተባለውን ቦታ ሒማ አድርገው ነበር። በአብርሃ ወአጽብሃ የተሠራው በስሙ ባይጠራም የሒማ ሥራ ነው። ከ1,000 ዓመት በፊት የኖረው የሒሳብ ሊቅ አል-ከረጂም ስውር ውሃን ስለማውጣት በጻፈው መጽሐፍ፣ ውሃ ፈላጊ የተራራውን ድንጋይና የሚበቅለውን ተክል አይቶ የከርሰ ምድሩን ውሃ እንዴት እንደሚያውቅ አስተምሯል። ስለ ሐሪምም ጽፏል። ተክሉንና ውሃውን በአንድ ዓይን ማየት ለሙስሊም እንግዳ ነገር አይደለም፤ የረሳነው ቅርሳችን ነው። ያረጁ የወሎ መስጂዶችን ግቢ ተመልከቱ። ወይራውና ጥዱ እስከ ዛሬ የቆመው አባቶቻችን «አይነካም» ስላሉ ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልግባ። ባሕር ዛፉ የመስጂዱ ንብረት ነው። የመድረሳ መምህራኖቻችን ደመወዝ ከአጠናው ሽያጭ ይከፈላል። የያዛችሁት መጽሔት የማሳተሚያ ወጪ እንኳ ከፊሉ ከዚያው የመጣ ነው። ስለዚህ ይህን ስናገር የልጆቻችንን ትምህርት በሚመለከት እየተናገርኩ መሆኑን አልዘነጋሁም። ባሕር ዛፍን መስደብም ግፍ ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከገባ ጀምሮ ስንት ቤት አቁሟል፣ ስንት ምጣድ አሙቋል! ጥፋቱ የዛፉ ሳይሆን ቦታውን የመረጠው ሰው ነው። ቅጠሉ ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ ሆኖ፣ ሥሩ እርጥበቱ ዘንድ እየደረሰ፣ እኛ በጣም በምንቸገርበት በበጋ ወር ይጠጣል።

የእኔ ሐሳብ የሚከተለው ነው።

አንደኛ፣ ከምንጩ ዙሪያ 40 ክንድ፣ እንዲሁም ወደ ምንጩ የሚወርደው ረግረግ ያለበት ባሕር ዛፍ ይነሣ። ይህ የምንጩ ሐሪም ይሁን። ባሕር ዛፍ ከጉቶው ስለሚያቆጠቁጥ ጉቶውም አብሮ ይነቀል። መሬቱ ግን ለአንድ ክረምትም ቢሆን ባዶ አይተው፤ ወዲያው ሣር ይልበስ፣ ከዳር ዳር ጥቂት ዋንዛና ወይራ ይተከል፣ ከብትም አይግባበት።

ሁለተኛ፣ ከሐሪሙ ውጭ ያለው ባሕር ዛፍ ለጊዜው ይቆይ፤ ለመምህራን ደመወዝ ይሁን። የሚነሣው ሲሸጥ ገንዘቡ አይበተን። ከመንገዱ ማዶ ባለው ደረቅ ጋራ ላይ፣ ውሃው ወደ ምንጩ በማይወርድበት በኩል፣ ምትክ እንትከልበት። በዚህ ዓይነት መድረሳውም ምንጩም አይጎዱም።

ሦስተኛ፣ እንደ ዋገን ዊል ጋፕ ሰዎች እንሁን። ከእኛ ምንጭ ብዙ የማይርቀው የታችኛው ሰፈር ምንጭ ባሕር ዛፍ የለበትም። ሁለቱን ምንጮች በየሳምንቱ ሐሙስ ደረሶቻችን ይለኩ፣ በመዝገብም ይጻፉ። ከሁለትና ከሦስት ዓመት በኋላ የእኛ ምንጭ ከጎረቤቱ ተለይቶ ከጨመረ መልሱን አገኘን። ካልጨመረ ደግሞ ጥፋተኛው ከላይ የታረሰው ገደል ወይም ሌላ ነገር ነውና ወደዚያ እንሄዳለን። ያለ መለኪያ አንድ ጊዜ ተሳስቻለሁ፤ ሁለተኛ ያለ መለኪያ ልመራችሁ አልፈልግም።

አራተኛው ነገር ደግሞ ኮሚቴ ሳይሰበሰብ ዛሬውኑ የሚጀመር ነው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) በአንድ ሙድ ውሃ ውዱእ ያደርጉ እንደነበር በሐዲስ ተላልፎልናል፤ ሙድ ከ1 ሊትር ያነሰ ነው። እኛስ? ቧንቧውን ከፍተን እያወራን 5 ሊትር እናፈሳለን። ለጁሙዓ 300 ሰው ቢመጣና እያንዳንዱ በ1 ሊትር ቢበቃው 1,200 ሊትር ይተርፋል፤ 60 ጀሪካን ነው። በግንቦት ይህን ያህል ውሃ ለማውጣት ምንጩ ከ3 ሰዓት በላይ ይፈጅበታል። እናታችን ወረፋ የሚጠብቁበት ሰዓት ያ ነው። ስለዚህ «ውሃውን ማን ጠጣው?» ሲባል ዛፉን ብቻ እንዳንከስ።

ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፤ ምንጩ ከአባቶቻችን በአማና የተቀበልነው ነው። ውሃ ማጠጣት ከሰደቀተል ጃሪያ፣ ማለትም ሰው ከሞተ በኋላም ምንዳው ከማይቋረጥ ሥራ አንዱ ነው። አባቶቻችን ይህን ምንዳ እያገኙ ነው ብለን ተስፋ እናደርጋለን። እኛ ግን የተረከብነውን አድርቀን ብናስረክብ የእኛ ስም በምን ይነሣል? ከአምስት ዓመት በኋላ፣ አላህ ካለ፣ መስጂዳችን 45ኛ ዓመቱን ሲያከብር በሚወጣው መጽሔት ላይ የሁለቱ ምንጮች መዝገብ ታትሞ እንድናየው እመኛለሁ። እኔ ትክክል ከሆንኩ በእናታችን ጥያቄ ምክንያት ነው፤ ከተሳሳትኩም አርሙኝ።

አላህ የጠቀመንን ዕውቀት ይጨምርልን፣ ባላወቅነው ያጠፋነውን ይማረን፣ ምንጫችንን በረካ ያድርግልን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።